አራት ሆኖ አንድ አውሬ ስለ መግደል፦ ጥናታዊ ጽሑፍ

መቀመጫውን በጃፓኗ ኦሳካ ከተማ ያደረገው ካፕኮም የተባለ ኩባንያ በመጋቢት 2004 «ሞንስተር ሀንተር» የተሰኘ፣ ተጫዋቾች እስከ አራት ሆነው አውሬ የሚያድኑበት የቪዲዮ ጌም ለፕሌስቴሽን 2 አቀረበ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አውሬዎቹ ሌላ አያውቁም።) ከዚያ ወዲህ ተከታታይ እትሞቹ በድምሩ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠዋል። ጎልማሳ ሰዎች ከሥራ መልስ ራታቸውን ሳይበሉ ዘንዶ ፍለጋ ሲወጡ ሊቃውንታችን ስለ ሌላ ስለ ሌላው ሲጽፉ ከርመዋል። ስለ ዘንዶ አገዳደል በደንብ የምናውቀው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው። እሱ ግን ብቻውን ነበር፤ ከገደለም በኋላ ከቆዳው ሱሪ አላሰፋም። አራት ሆኖ መግደልና ሟቹን ለብሶ ወደሚቀጥለው መሄድ አዲስ ጉዳይ በመሆኑ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ይሞላል ተብሎ ይታመናል። ለጊዜው የሚያምነው ጸሐፊው ነው።

መላምት

በዚህ ጌም ውስጥ አውሬው ሰበብ ነው። አዳኞቹ የሚወጡት ለልብስ ነው፤ የሚፈተኑት ደግሞ እርስ በእርሳቸው ነው። አውሬው መካከል ቆሞ ሁለቱንም ያያል።

የጥናቱ ወሰን

በ2020 የወጣው፣ ፖል አንደርሰን ያዘጋጀውና ሚላ ዮቮቪች የተወነችበት፣ በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ የተቀረጸው የሞንስተር ሀንተር ፊልም በዚህ ጥናት አልተካተተም። ምክንያቱን ያየው ያውቀዋል።

ስለ አዳኙ

በሌሎች የዚህ ዓይነት ጌሞች ተጫዋቹ ጠላት በገደለ ቁጥር ይጠነክራል። መቶ ጅብ የገደለ ሰው አሥር ከገደለው ይበልጣል፤ ክንዱ ይፈረጥማል፣ ዕድሜው ይረዝማል፣ ደረጃው ከፍ ይላል። በሞንስተር ሀንተር እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ሺህ ዘንዶ የጣለ አዳኝ ትጥቁን አውልቆ ቢቆም ትናንት ከመርከብ ከወረደው ጀማሪ በምንም አይለይም። እርግጥ የማዕረግ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ግን ወደ ከባዱ አደን የሚያስገባ ፈቃድ እንጂ ጡንቻ አይሆንም። ጉልበቱ በሙሉ ያለው በለበሰውና በያዘው ላይ ነው። የለበሰው ደግሞ ከገደለው የተሠራ ነው።

ሥርዓቱ የሚሽከረከረው እንዲህ ነው። ራታሎስ የሚባል እሳት የሚተፋ፣ የሰማይ ንጉሥ ተብሎ የሚጠራ ዘንዶ አለ። ከእሳቱ የሚከላከለው ጥሩር የሚሠራው ከራሱ ቅርፊት ነው። ጥሩሩን አሟልቶ ለማሠራት ራታሎስን ደጋግሞ መግደል ያስፈልጋል። ጥሩሩ በተሟላ ዕለት አዳኙ ራታሎስን ያለ ምንም ሥጋት መግጠም ይችላል፤ ነገር ግን ከራታሎስ የሚፈልገው ነገር አልቋል። ስለዚህ ሌላ፣ የባሰ አውሬ ይፈልጋል፤ ለእሱም ሌላ ልብስ። ራታሎስ ሚስት አለችው፤ ራቲያን ትባላለች፤ እሷም ትለበሳለች።

ነባር አዳኞች የዚህ ሁሉ መጨረሻ ምንድነው ተብለው ሲጠየቁ ማማር ነው ይላሉ። አይቀልዱም። በቅርብ ዓመታት እትሞች አንዱን ትጥቅ ለብሶ የሌላውን መልክ ማሳየት ስለሚቻል፣ ዘንዶ የማያስፈራው ሰው የትከሻ ጌጡ ከጫማው ቀለም ጋር አልሄደልኝም ብሎ ግማሽ ሌሊት ሲጨነቅ ይገኛል። እዚህ ላይ ሳይንስ ያልፈታው ጥያቄ ነበር። ለረጅም ዘመን የወንድና የሴት አዳኝ ትጥቅ ለየብቻ ነበር። ኪሪን ከምትባለው መብረቅ የምታወርድ ፈረስ መሳይ ፍጥረት የሚሠራው የሴት ትጥቅ ሆድን ክፍት ይተወዋል፤ ሆኖም በመከላከል ቁጥሩ ከወንዱ አያንስም። ክፍት የሆነ ሆድ እንደ ተሸፈነ ሆድ እኩል መብረቅ የሚመልስበትን ምክንያት የሚያስረዳ አልተገኘም። በ2025 የወጣው «ዋይልድስ» የተባለው እትም ማንም የፈለገውን እንዲለብስ ፈቀደና ጥያቄው ሳይመለስ ተዘጋ። አሁን የወንዱም ሆድ መብረቅ ይመልሳል።

ስለ አዳኙ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እስከ 2018 ድረስ አዳኙ ቆስሎ መድኃኒት ሲጠጣ ባለበት ይቆም ነበር፤ ጠርሙሱን ይጨልጥና ጠጥቶ ሲጨርስ ክንዶቹን አጥፎ ጡንቻውን ያሳይ ነበር። ለማን እንደሚያሳይ ግልጽ አይደለም። በአካባቢው ያለው ተመልካች አውሬው ነው፤ አውሬውም አስተያየቱን ወዲያው ይሰጣል። «ወርልድ» የተባለው እትም በዚያ ዓመት ሲመጣ እየተራመዱ መጠጣት ተፈቀደ፤ ጡንቻ ማሳየቱም ቀረ። በእኔ አመለካከት ጌሙ ከዚያ ወዲህ ቀለለ እንጂ አልተሻሻለም።

ስለ አውሬው

አውሬው ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው የሚያሳይ መስመር ስክሪኑ ላይ የለም። ሁኔታውን ከራሱ ማንበብ ያስፈልጋል። ሲደክመው ለሃጩን ያዝረበርባል። ሲናደድ አፉ ላይ እሳት ወይም ጭስ ይታያል። ሊሞት ሲቃረብ እያነከሰ ወደ ጎሬው ይሄድና ይተኛል። አዳኞቹ ተከትለው ይገባሉ፤ ራስጌው ባሩድ የሞላበት በርሜል ይደረድራሉ። ይህ ለተፈጥሮ ሚዛን ሲባል የሚደረግ መሆኑን አዳኞቹን የሚያሰማራው ድርጅት በተደጋጋሚ ይገልጻል። አውሬው በጉዳዩ ላይ ያለው አቋም አልተመዘገበም።

በ«ወርልድ» ታሪክ አዳኞቹ የአንድ የምርምር ጓድ አባላት ናቸው። ጥንታውያን ዘንዶዎች በየጊዜው ባሕር ተሻግረው ወደ አዲሱ ዓለም የሚሄዱት ለምን እንደሆነ ለማጥናት በመርከብ ይላካሉ። የምርምር ዘዴያቸው የሚደነቅ ነው። የአውሬው ዱካ ይለቀማል፤ ዱካው ሲበዛ ስለ አውሬው ያለው ዕውቀት ይጨምራል፤ ዕውቀቱ ሲሟላ አውሬው ይገደላል፤ ሲገደል ዕውቀቱ የበለጠ ይሟላል። የዚህ ጥናት አቅራቢ ከዘዴው የወሰደው የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ነው።

አውሬዎቹ ብዙ ስለሆኑ ሁሉን መዘርዘር አይቻልም፤ ጠባያቸው ለመላምታችን የሚጠቅመውን ልምረጥ። ጂፕሴሮስ የሚባለው ላስቲክ የመሰለ ቆዳ ያለው አውሬ ሬሳ መምሰል ይችላል። ይወድቃል፤ ይንፈራገጣል፤ ጸጥ ይላል። አዲስ የመጣው አዳኝ ደስ ብሎት ቢላውን መዞ ይሮጣል። ሦስቱ ነባሮች ግን ካሉበት አይንቀሳቀሱም። ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ያውቃሉ፤ አይናገሩም፤ ይመለከታሉ። ሬሳው ይነሳል፤ ልጁን ይጥለዋል። በአዳኞች ዘንድ ትምህርት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው።

ዲያብሎስ የተባለው ባለ ሁለት ቀንድ የበረሃ አውሬ ሥጋ የሚባል አይነካም። ምግቡ ቁልቋል ነው። ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ከአሸዋው ሥር ተወርውሮ ሲወጣ ያየው ሰው ጾም ብቻውን ጠባይ እንደማያርም ይረዳል። ፕሊሲዮት ደግሞ እግር ያለው ዓሣ ነው። በእንቁራሪት ተጠምዶ ከውኃ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ወገቡን ወደ ጎን ይወረውራል። በቀደሙት እትሞች ይህ ወገብ ያልነካውን ሰው ሁሉ ይጥል ነበር። ከፊቱ ርቆ የቆመ፣ አልፎት የሄደ፣ እግሩ ሥር ገብቶ የተደበቀ፣ ሁሉም ይወድቃል። ከ2004 ጀምሮ ስለዚህ ወገብ የተነገረው ቢሰበሰብ ከአውሬው ወገብ ይወፍራል። ባዘልጊየስ የሚባለውን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ጥናቱ ሚዛን አይኖረውም። እሱ ማንም ሳይጠራው ይመጣል። አዳኞችና አንድ አውሬ ሰላማቸውን አግኝተው በሚጋደሉበት ቦታ ከሰማይ ይደርስና ፈንጂ ቅርፊቱን በሁሉም ላይ ያራግፋል። ማንን እንደሚደግፍ አይታወቅም።

ስለ ጣት

ጌሙ በአገሩ በጃፓን ሕዝባዊ የሆነው ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ፒኤስፒ በተባለችው የእጅ መሣሪያ ላይ ነው። በታኅሣሥ 2010 የወጣው «ፖርተብል ሰርድ» እዚያው ጃፓን ውስጥ ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። መሣሪያዎቹ ያለ ኢንተርኔት እርስ በእርሳቸው የሚገናኙት ሲቀራረቡ ስለሆነ፣ አብሮ ለማደን አብሮ መቀመጥ ግድ ነበር። ተማሪዎችና ሠራተኞች በባቡር ውስጥ፣ በካፌ፣ በበርገር ቤት ተኮልኩለው አንገታቸውን ደፍተው ሲያድኑ ይታዩ ነበር። አይቶ ለሚያልፍ ሰው አራት ሰዎች ሳይነጋገሩ የተቀመጡ ይመስሉታል። እነሱ ግን በዚያች ሰዓት ከሕይወታቸው ሁሉ የጠለቀ ግንኙነት ላይ ናቸው።

ችግሩ ጣት ነበር። በፒኤስፒ ላይ መራመጃዋ ክብ ቁልፍና ካሜራውን የሚያዞሩት አራት ቁልፎች ሁለቱም በግራ በኩል፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ናቸው። ሁለቱንም በአንድ አውራ ጣት ማዘዝ አይቻልም። እየሮጠ ዘንዶውን ማየት የፈለገ ሰው በአውራ ጣቱ እየተራመደ ሌባ ጣቱን አጣጥፎ ከላይ ማሳረፍ ነበረበት። ይህ አያያዝ በተጫዋቾች ዘንድ ጥፍር የሚል ስም አግኝቷል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ጥፍር ያለውን አውሬ ለመግደል ሚሊዮኖች ጥፍር አበቀሉ። ኋላ የመጡት መሣሪያዎች በቀኝ በኩል ሁለተኛ ክብ ቁልፍ ሲጨምሩ ጣቶቹ ተዘረጉ፤ የአንዳንድ ነባሮች ጣት ግን አሁንም ሳይጠሩት ይታጠፋል ይባላል።

ስለ ማኅበሩ

ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። አንድ አደን ላይ ከአራት ሰው በላይ አይገባም። የተለመደው ጊዜ 50 ደቂቃ ነው። አዳኙ ሲወድቅ ለዘለዓለም አይሞትም፤ ድመቶች በእንጨት ጋሪ ጭነው እየሮጡ ያመጡትና ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ይደፉታል። (በዚህ ዓለም ወጥ የሚሠሩት፣ ቁስለኛ የሚያመላልሱት፣ ከአዳኙ ጎን ቆመው የሚዋጉት ድመቶች ናቸው። ደመወዛቸው አልተገለጸም።) የተደፋው ሰው አቧራውን አራግፎ ወደ አውሬው ይመለሳል። ይሁን እንጂ እንዲህ መውደቅ በተለምዶ የሚፈቀደው ሦስት ጊዜ ነው። በሦስተኛው አደኑ ያበቃል፤ ሁሉም ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሦስት ጊዜ የተባለው ለእያንዳንዱ ሰው አይደለም። ለአራቱም በአንድ ላይ ነው። የዚህን ጌም ጥልቀት የሚሸከመው ይህች አንዲት ደንብ ናት ብል አላጋነንኩም። ሞት የማይከፋፈል የጋራ ንብረት ሆኗል። ሦስተኛው አደኑን ስለሚያፈርሰው ማኅበሩ ሳይከስር ሊጠቀምበት የሚችለው ሞት ሁለት ብቻ ነው። አባላቱ አራት ናቸው። ስለዚህ ፍትሐዊ ክፍፍል ቢደረግ እንኳ ከአራቱ ሁለቱ የመሞት መብት የላቸውም። እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ አይነገርም። በተግባር ሲታይ ሁለቱንም ሞት የሚወስዳቸው አንድ ሰው ነው፤ ሦስተኛውንም ለማንም አይሰጥም።

የሰውየው ሁኔታ በሦስት ደረጃ ይለያያል። መጀመሪያ ሲወድቅ ማንም ምንም አይልም፤ እሱም እንዳልታየ ሆኖ ይመለሳል። ሁለተኛ ሲወድቅ ኔትወርኩ ነው ይላል። ኔትወርክ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ ራሱን የመከላከል ዕድል ያልተሰጠው ተከሳሽ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ሰውየው የለም፤ ሳይሰናበት ወጥቷል። የቀሩት ሦስቱ ለጥቂት ሰከንድ እርስ በእርስ ይተያያሉ፤ በ47ኛው ደቂቃ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ።

ሁለተኛው የፈተና ምንጭ የጦር መሣሪያ ነው። ከ2013 ጀምሮ መሣሪያዎቹ 14 ናቸው፤ ሁሉም ለአውሬው የተሠሩ ቢሆኑም አንዳንዶቹ በጓደኛ ላይ የበለጠ ይሠራሉ። ረጅሙን ሰይፍ የያዘ ሰው አውሬውን ሲመታ ሰይፉ በጎን ያሉትንም ይጠልፋል። ጓደኛው ይንገዳገዳል፤ አስቦ የያዘው ምት ይከሽፋል። ሰይፈኛው ይህን አያይም፤ የሚያየው የራሱን የሚያምር እንቅስቃሴ ነው። መዶሻ የያዘው ከታች ወደ ላይ ሲመታ ከጎኑ የቆመውን ወደ ሰማይ ይልከዋል። ይህ ሁሉ ጉዳት አያደርስም፤ ጤና አይቀንስም። ክብር ብቻ ነው የሚቀንሰው። ለዚህም ጌሙ በጓደኛ ሰይፍ ያለመደንገጥ ችሎታ የሚሰጥ ጌጥ ያቀርባል። ብዙ አዳኝ ከእሳት መከላከያው በፊት የሚፈልገው ይህን ነው።

የክፍሉ ሦስተኛ ጉዳይ እንቅልፍ ነው። በተኛ አውሬ ላይ የሚያርፈው የመጀመሪያ ምት ከሌላው ጊዜ በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ትልቁን ጎራዴ የያዘው ይቅደም የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ። ሁሉም ወደ ኋላ ይላል። በርሜሎቹ ተደርድረዋል። ጎራዴው ከባለቤቱ የሚረዝም ስለሆነ በቀስታ ይነሳል። በዚህ ጊዜ ሁለት ትንንሽ ስለት የያዘ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው አራተኛ ሰው እየተሽከረከረ ይደርስና ጭረት በማታህል ምት አውሬውን ይቀሰቅሰዋል። ይህ ክስተት እጅግ ተደጋጋሚ ከመሆኑ የተነሳ የተፈጥሮ ሕግ ወይም የሰው ክፋት መሆኑን መለየት አልተቻለም። የጥናቱ አቅራቢ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል።

ስለ መጥፎዎቹ ይህን ያህል ካልኩ ስለ ደጉም ልናገር። ከ14ቱ መሣሪያዎች አንዱ ቀንደ መለከት ነው። የያዘው ሰው አውሬውን በመለከቱ ይወቅጣል፤ እየወቀጠም ዜማ ያሰማል፤ ዜማው ሦስቱን ያበረታል፣ ይፈውሳል፣ ያፈጥናል። ሲያበረታቸው እነሱ በሰይፋቸው ይጠልፉታል። ያም ሆኖ ይነፋል። መለከት የሚይዝ ጥቂት ነው፤ ያጋጠመው ሰው ግን ስሙን አይረሳም። ሌላው ደግሞ አንድ ጊዜ በትኖ አራቱንም የሚፈውሰውን ዱቄት ይዞ የሚዞር ሰው ነው። ማኅበር የሚባል ነገር በዚህ ምድር እስካሁን ያልፈረሰው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ሳይሆን አይቀርም፤ ይህ ግን ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

ስለ ክፍፍሉ

አውሬው ሲሞት ለአንድ ደቂቃ ያህል ሬሳው ይቆያል። ቅርጫ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ይቸገራል። በቅርጫ በሬው አንድ ነው፤ ሥጋው በመደብ በመደብ ይቀመጣል፤ ዕጣ ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ የእኔ መደብ አጥንት በዛበት የሚል አይጠፋም። በሞንስተር ሀንተር አንዱ ሬሳ ለአራቱም ሙሉ ሬሳ ነው። እያንዳንዱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ይቆርጣል፤ የአንዱ ቢላ ከሌላው ድርሻ አይቀንስም። አራቱ አሥራ ሁለት ቁራጭ ይወስዳሉ፤ ዘንዶው ሳይጎድል ተጋድሞ ይቆያል። ለጠብ የሚሆን ነገር በሙሉ በጥበብ ተወግዷል።

ጠቡ ግን አለ። ከቅርፊትና ከጥፍር መሐል እንደ ራታሎስ ሩቢ ያለ በብዙ አደን አንዴ የሚወጣ ነገር አለና። ሩቢዋ የምትወጣው ለሚፈልጋት ሰው አይደለም። ወር ሙሉ የለፋላት ሰው ቅርፊት፣ ቅርፊት፣ አጥንት ያገኛል፤ መንገድ ተሳስቶ የገባው፣ ሁለት ጊዜ በጋሪ የተመላለሰው፣ ሩቢዋን አንስቶ ይህ ለምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። የጃፓን ተጫዋቾች ጌሙ ውስጥ የሰውን ምኞት የሚያነብና የተመኘውን የሚነፍግ መሣሪያ ተቀብሯል ብለው ያወራሉ። ወሬው ከጃፓን ወጥቶ ዓለምን አዳርሷል።

ጥናቱ ጉዳዩን በሒሳብ አይቶታል። አንድ ነገር የሚወጣው ከመቶ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው እንበል። መቶ ሰዎች እያንዳንዳቸው ሃምሳ ጊዜ ቢሞክሩ 36 ያህሉ ምንም ሳያገኙ ይመለሳሉ። ምንም ዓይነት የተቀበረ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማባዛት ብቻ ይበቃል። ይህ ስሌት ለሠላሳ ስድስቱ ሰዎች ሲነገራቸው ግን የሚያሳዩት ፊት ከተናደደ ራታሎስ የሚለየው ጭስ ባለመኖሩ ብቻ ነው። ስለሆነም የመሣሪያው ወሬ ከሒሳቡ ይልቅ ለማኅበሩ ሰላም ይጠቅማል የሚል ድምዳሜ ላይ ተደርሷል።

ለምን እኛ ጋ አልገባም

«ዋይልድስ» በየካቲት 2025 ወጥቶ በሦስት ቀን ውስጥ 8 ሚሊዮን ቅጂ ሲሸጥ፣ በአዲስ አበባ ፕሌስቴሽን ቤቶች ውስጥ የነገሠው እንደ ወትሮው እግር ኳስ ነበር። ይህን ወጣቶቻችን ዘንዶ ስለሚፈሩ ነው ብሎ የሚደመድም ቢኖር ተሳስቷል። ምክንያቱ የንግድ ነው። እግር ኳሱ አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት ጆይስቲክ ይበቃዋል፤ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ በብዙዎቹ ቤቶች የተሸነፈው ከፍሎ ይነሳል፤ ያሸነፈው ይቀጥላል። አራት ሰው በአንድ አደን እንዲሰለፍ ግን አራት መሣሪያ፣ አራት ስክሪንና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። አንዱ አደን እስከ 50 ደቂቃ ይሄዳል። ይህም ሁሉ ተሟልቶ አደኑ ቢከሽፍ አራቱም የተሸነፉት አብረው ነው። ታዲያ ማን ይክፈል? አውሬው አይከፍልም። ሁለት ጊዜ የወደቀው ኔትወርኩ ነው ይላል። መለከት ነፊው ይከፍል ይሆናል፤ እንደዚያ ያለ ሰው ነው። ባለቤቱ ግን በእሱ ደግነት ላይ ኪራይ መክፈል አይችልም።

በመስከረም 2023 ለስልክ የወጣው «ሞንስተር ሀንተር ናው» አደኑን ወደ 75 ሰከንድ አሳጥሮታል፤ ይህ ለእኛ ኑሮ ይቀርባል። ነገር ግን አውሬዎቹ ያሉት ከቤት ውጭ፣ በመንገዱ ካርታ ላይ ነው። ስልኩን ፊቱ ላይ ዘርግቶ መርካቶ ውስጥ ዘንዶ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ዘንዶውን አይደለም።

ምክረ ሐሳብ

የኩባንያው ሰዎች ይህን ጽሑፍ ያነባሉ ተብሎ ስለማይጠበቅ ምክሩ ለአዳኞች ብቻ ነው። ከመውጣትህ በፊት ብላ፤ ድመቶቹ የሚያበስሉት ለጌጥ አይደለም፤ ሳይበላ የወጣ ሰው የጋራውን ሞት ቀድሞ ይጨርሳል። የተኛ አውሬ ስታይ ዙሪያህን ተመልከት፤ ከአንተ የሚረዝም ጎራዴ የያዘ ሰው ካለ እጅህን ሰብስብ። መለከት የያዘውን አትጥለፈው። ሩቢ ከወጣልህ ዝም በል።

አንተ ሁለት ጊዜ የወደቅከው ወንድሜ ሆይ፣ አንተን በተለየ ነው የምለምንህ። አውሬው እያነከሰ ነው፤ ሦስቱ ይጨርሱታል። ድንኳኑ ጋ ቆይ። እዚያ የሚለቀም ዕፅ አይጠፋም፤ አንዳንዱ ሠፈር የሚጠመድ ዓሣም አለው። አደኑ ከተሳካ የማኅበሩ ሽልማት ለአንተም እኩል ይደርስሃል።